ሽማግሌ የመለሰው ሬጀክስ

ፌቨን ለመሥሪያ ቤቷ የጻፈችው ሬጀክስ፣ ማለትም የጽሑፍን ቅርጽ የሚፈትሽ ኮድ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጆቿ በር ላይ ቆሞ ሽማግሌ አላስገባም አለ።

ነገሩ የተጀመረው በንዴት ነው። አብረዋት ኮድ የሚጽፉት ልጆች ሥራቸውን ባስገቡ ቁጥር የለወጡትን በአጭሩ ማስፈር ሲገባቸው፣ «ተስተካክሏል»፣ «አሁን የእውነት ተስተካክሏል»፣ «ኧረ በእመቤቴ!» እያሉ ይጽፉ ነበር። አንጀቷ ሲያር ጊዜ ፈታሽ አቆመችባቸው። መልእክቱ «አዲስ»፣ «ጥገና» ወይም «ስረዛ» ብሎ ካልጀመረ፣ ሁለት ነጥብ ካላስከተለ፣ ካላጠረም መልሶ ይወረውረዋል። ሰላምታ አያውቅም።

ሽማግሌ ደግሞ ያለ ሰላምታ ነገር አይጀምርም። የእጮኛዋ የኪሩቤል አጎት ጋሽ ደምመላሽ የቤተሰቡን፣ የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን ውሻ ደኅንነት ጠይቀው እስኪጨርሱ የተተከለ ባሕር ዛፍ ለማገር ይደርሳል።

«እንዴት ዋላችሁ፣ እግዚአብሔር...»

«ቅርጹን አልጠበቀም» አለ በሩ።

«ማነው እሱ?»

«በሩ ነው» አሉ ከኋላቸው የቆሙት ሽማግሌ።

«እሺ። እንዴት ዋልክ፣ በሩ?»

«ቅርጹን አልጠበቀም።»

ውስጥ አባቷ አቶ ወንድይፍራው ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። ለዚህች ቀን እሺ ያሏት በስንት ልመና ነው። «ዛሬ ከተመለሱ ሌላ ቀን የለም! በር ላይ ለሚንተባተብ ልጄን አልሰጥም።»

ፌቨን ላፕቶፗን ከፍታ ፈታሹን አጠፋችው። ከላፕቶፑ ጠፋ። ከበሩ አልጠፋም። በሩን በእርግጫ አለችው፤ እርግጫዋም ቅርጹን አልጠበቀም።

«ጋሽ ደምመላሽ!» ብላ በቁልፉ ቀዳዳ ጮኸች። «ሰላምታውን ይተዉት! ‹አዲስ› ይበሉ፣ ‹ሁለት ነጥብ› ይበሉ፣ ከዚያ ጉዳዩን!»

«አሳዳጊ የበደለው ልባል፣ ልጄ?»

«በሞቴ!»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዲስ ሁለት ነጥብ ጋብቻ።»

በሩ ተከፈተ። የገባው ቃሉ ብቻ ነበር። ሳሎኑን አቋርጦ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ትራሱ ጎድጎድ አለ። በሩ ተዘጋ።

አቶ ወንድይፍራው ፊታቸው ፈካ። «ቁም ነገረኛ ማለት እንዲህ ነው! እኔም ባጭሩ ልመልስ።»

ፌቨን በመስኮት አየች። ጋሽ ደምመላሽ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል። ከአፍንጫቸው በታች እስከ አገጫቸው ድረስ ለስላሳ ቆዳ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እንዳይናገሩ!» ዘላ መዳፏን አፋቸው ላይ ጫነችው።

«አዲስ ሁለት ነጥብ እሺ» ያሉት ግን ከዚያ ቀድመው ነው።

ሶፋው ላይ ሁለተኛው ትራስ ቀስ ብሎ ጎደጎደ። ከመዳፏ ሥር ከንፈር አልነበረም።