የካኩንዴ እጥፋት

ቬታሬራ የአክስቱን በር ያንኳኳው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በያዘው ፌስታል ውስጥ የሄሬሮ ብሔረሰብ ሴቶች ከረጅሙ ቀሚሳቸው ጋር የሚያደርጉት፣ እንደ ላም ባለ ሁለት ቀንድ ጥምጥም ነበር። ቀሚሱን ሰፍቶ ጨርሷል። ጥምጥሙ ግን እምቢ አለው፤ ቀንዶቹ እንደ ታመመ በሬ ጆሮ ወደ ታች ይወድቁበታል።

አክስቱ ካኩንዴን ጥምጥም በማሰር የሚስተካከላቸው ሰው በካቱቱራ ሰፈር የለም። ሌሎቹ ከኋላ የጨርቁን ግራ ጫፍ በቀኙ ላይ ሲያጥፉ፣ እሳቸው ቀኙን በግራው ላይ ያጥፋሉ። ሠርግ ላይ ሴቶች ከኋላ አይተው «ይሄ የካኩንዴ እጅ ነው» ይላሉ።

«ለማን ነው?» አሉ ጨርቁን እየዳበሱ።

«ለእኔ። ቅዳሜ ሥዕል የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ለብሼው እቆማለሁ። የማሳየው ሥራ እሱ ነው።»

«ጢምህስ?»

«ጢሜም ይኖራል።»

«ጎሽ! ቀንድም ጢምም፤ ፍየል ልትሆን ነዋ።» አልሳቁም።

መንገድ ላይ ያጠናው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። «ቀሚሱ እኮ ድሮ የጀርመን ሚሲዮናውያን ሚስቶች ልብስ ነበር» አለ።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? እነሱ አለበሱን፣ እኛ ቀንድ አበቀልንለት።»

«እኔም ትንሽ ነገር ልጨምርበት ብዬ ነው።»

«ቀንድ የሚያደርግ ያገባ ነው። አንተ አግብተሃል?»

ቬታሬራ መሬት መሬቱን አየ። ከንጂዙቬ ጋር በአንድ ቤት መኖር ከጀመሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። አክስቱ በመጡ ቁጥር ንጂዙቬ የጠበሰውን ሥጋ ይበላሉ፤ ሲጠሩት ግን «ያ ጓደኛህ» ነው የሚሉት። አሁን «አላገባሁም» ቢል ፌስታሉን ይመልሱለታል፤ ነገሩም ማንም ሳይቀየም ያበቃል።

«አግብቻለሁ» አለ። «ስድስት ዓመቴ ነው። ያውቁታል።»

 ካኩንዴ መቀስ አነሱ።

«ሥጋው ላይ ጨው ያበዛል» አሉ።

ቀንዱን ተረተሩት። ሌላው ሰው ጋዜጣ ጠቅልሎ በሚከትበት ቦታ አንድ የፎቶግራፍ ቅጂ ወጣ። ከሲታ ሰውዬ ነው፤ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል።

«አያቴ አይደሉም እንዴ?» አሉ ካኩንዴ።

«ናቸው። ጀርመኖች አስረዋቸው በነበረ ጊዜ የተነሱት ነው። እንዳይታዩ ግን እንዲኖሩ ፈልጌ ነው።»

«የሚወድቅብህ ለዚህ ነው። ወረቀቱ ስስ ነው።» ፎቶውን መሃል አድርገው በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ ደራረቡበትና አጥብቀው ጠቀለሉት። ሊያስሩት ሲሉ እጃቸው ቆመ።

«የሰፈሩ ሴቶች ቅዳሜ ይመጣሉ?»

«ለወሬውም ሲሉ አይቀሩም።»

«እንግዲያው እንደ ሌላው ሰው ነው የማስርልህ። ስሜ እንዳይነሳ።»

«እሺ፣ አክስቴ።»

አስቀምጠውት ከኋላው ቆሙ። ጎተቱት፣ አጠፉት፣ መርፌ ቁልፍ ሰኩበት። ግንባሩን አመመው።

«አንገትህን አቅና። ስትሄድም እንደ ላም ቀስ በል፤ የሚያባርርህ የለም።»

ጥምጥሙን እንደ ባርኔጣ አውልቀው ፌስታል ውስጥ ከተቱለት። እመጣለሁም፣ አልመጣምም አላሉ።

ቤት ሲደርስ ለንጂዙቬ ሊያሳየው አወጣውና የጥምጥሙን ጀርባ አዞረለት። ቀኙ በግራው ላይ ታጥፏል።