የወርቂቱ የቃል ፈተና

በ1954 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ነቀምቴ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ወርቂቱ ባይሳ ካርዷን ስትቀበል ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው እንግሊዝኛው ላይ ነበር። አርባ ስድስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። በጽሑፉ ከስልሳ ሠላሳ አራት አግኝታለች፤ የጣላት የቃል ፈተናው ነው፣ ከአርባ አሥራ ሁለት።

ወርቂቱ ከዲጋ ገጠር መጥታ አክስቷ ቤት ተጠግታ ነው የምትማረው። አባቷ ሲሸኛት «ከወደቅሽ ትመለሻለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም» ብሏት ነበር። አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያስለቀሳት መውደቋ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ መምህሯ አቶ ሽብሩ በቃል የጠየቋትን አንድም ሳታስቀር መልሳለች። እሳቸው ግን «ስኩል» ማለት አቅቷት «ኢስኩል» ባለች ቁጥር ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር። ከገጠር የመጡት ልጆች ሁሉ የቃል ውጤታቸው ያው ዝቅተኛ ነው።

እንባዋን ጠርጋ የቋንቋ ትምህርት ኃላፊ ወደሆኑት ወደ አቶ ገብረመስቀል ቢሮ ሄደች።

«ጋሼ፣ ማርክ ይጨመርልኝ ብዬ አይደለም» አለች። «የተጠየቅሁትን ሁሉ መልሻለሁ። የታየው አነጋገሬ ብቻ ከሆነ መልሴስ የት ሄደ?»

አቶ ገብረመስቀል አቶ ሽብሩን አስጠሩ። አቶ ሽብሩ ነገሩን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ።

«እኔም የጊምቢ ልጅ ነኝ!» አሉ። «አዲስ አበባ ስማር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይሳቅብኝ ነበር። እሷም መሳቂያ ትሁን?»

ወርቂቱ ደነገጠች። ሰውየው የሚንቋት ይመስላት ነበር እንጂ የሚሰጉላት መሆናቸውን በፍጹም አልጠረጠረችም።

«አነጋገሯንማ እናርማለን» አሉ አቶ ገብረመስቀል በዝግታ። «ግን አርባው ነጥብ ሁሉ ለአነጋገር ነው እንዴ?»

የአቶ ሽብሩ ቁጣ በረደ። «ፈተናው ከተደገመ ለሷ ብቻ አይሆንም፤ የክፍሉ ልጅ ሁሉ ይፈተን። እርስዎም አብረውኝ ይቀመጡ» አሉ።

የቃል ፈተናው እንደሚደገም ሲነገራቸው ልጆቹ አጉረመረሙ። አብራት የምትቀመጠው ወሰኔ እንኳ «አንቺ ባመጣሽው ጣጣ!» ብላ አኮረፈቻት። ሁለቱ መምህራን ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ለመልሱም ለአነጋገሩም ለየብቻ ነጥብ ሰጡ። ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከፍ አሉ። የወርቂቱ ሲደመርና ለሁለት ሲካፈል ሃያ ሰባት ሆነ።

ደስታዋን ሳትጨርስ አቶ ገብረመስቀል ጠሯት። «የሁላችሁንም የጽሑፍ ወረቀት እንደገና አይተናል» አሏት። «ያንቺ ላይ ስህተት ሆኖ ሳለ ትክክል የተባለ አግኝተናል። ሦስት ነጥብ ተቀንሶብሻል። ድምሩ ሃምሳ ስምንት ነው።»

መጀመሪያ ክው አለች። ቀስ በቀስ ግን ውስጧ ሙቀት ተሰማት። አዝነውላት ቢሆን ኖሮ አይቀንሱባትም ነበር። ሃምሳ ስምንቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የራሷ ነው። እጅ ነሥታ «ገለቶማ» አለች፤ ምስጋናው በአፍ መፍቻዋ አመለጣት። አጠገባቸው የነበሩት አቶ ሽብሩ ፈገግ ብለው በኦሮምኛ መረቋት።

ዲጋ ስትገባ ለአባቷ የሆነውን ሁሉ ተረከችለት። ባይሳ አዳምጦ ሲጨርስ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የቀነሰብሽ ሰው ማን ይባላል?» አላት።

የተቆጣ መስሏት፣ «ምን ልትለው ነው አባባ?» አለችው።

«ምንም አልለውም። ሳያዳላ የፈረደ ሰው ነው፤ ማታ ስንጸልይ ስሙን ጠርቼ ልመርቀው ነው።»

«እንግዲያው የሁለቱንም ጥራልኝ» አለች ወርቂቱ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አቶ ገብረመስቀልንም፣ አቶ ሽብሩንም።»