ኬክ ጭነው ወደ ማዙንቴ

ኒካሲያ የእናቷን የሰባኛ ዓመት ልደት ኬክ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከሜክሲኮዋ ፑዌርቶ ኤስኮንዲዶ ከተማ ወደ እናቷ መንደር ማዙንቴ ሰው በሚያመላልሰው ፒካፕ ጀርባ ተሳፈረች። የዚያ ባሕር ዳርቻ መንገድ ግን ለኬክ አይራራም። በየመንደሩ መኪና የሚያዘልል ጉብታ ተደቅኗል።

“ጋሼ ፌርሚን፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ይበሉ።”

“ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ ወርጄ ልግፋው እንዴ?” አሉ ሾፌሩ።

የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ኬኩ ዘለለ። አንድ ዓሣ አጥማጅ በአንድ በኩል፣ አንዲት ዶሮ ሻጭ በሌላ በኩል ቀለብ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ጋሼ ፌርሚን “ጉብታ!” ባሉ ቁጥር ተሳፋሪው በሙሉ ተነስቶ ኬኩን እንደ ታቦት ወደ ላይ ያነሳል። ዶሮዎቹ በሰው እግር መሃል ሲተራመሱ ባለቤታቸው እንኳ ዞር ብላ አላየቻቸውም።

ማዙንቴ ሲደርሱ ከክሬሙ ላይ አንዲት አበባ አልተነካችም። ኒካሲያ በደስታ ሾፌሩንም ተሳፋሪዎቹንም ወደ ግብዣው ይዛቸው ገባች።

ተዘፈነ። እናትየው እንደ አገሩ የልደት ደንብ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ኬኩን በመጀመሪያ በአፋቸው ለመግመጥ ጎንበስ አሉ። ይሄኔ፣ መንገዱን ሙሉ እንደ ኤሊ ሲነዱ የመጡት ጋሼ ፌርሚን ከኋላ ተጠግተው ማጅራታቸውን ያዙና ፊታቸውን እስከ ጆሯቸው ኬኩ ውስጥ ነከሩት።

የባለልደቱን ፊት ኬክ ውስጥ መንከርም የአገሩ ወግ ነውና፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኒካሲያም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

እናትየው ቀና ብለው ከከንፈራቸው ላይ ክሬሙን ላሱ።

“ተባረኩ ልጆቼ” አሉ፣ “እንኳን መንገድ ላይ አልተበላሸ።”