ግማሽ ጠመንጃ

፩

ቃ።

ይህ የጠመንጃ ድምፅ ነው። ጠመንጃ «ድው» ነው የሚለው የምትሉ ካላችሁ ልክ ናችሁ። የኛን ጠመንጃ የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ።

፪

ወንድሜ አዛናው የደወለልኝ በሚያዝያ፣ ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ እያስተማርኩ ሳለ ነው።

«አንተ፣ ጥይት እንዴት እንደሚሄድ ተምረሃል አይደል?»

«አያ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ።»

«ቢሻው ጠመንጃ ሊገዛ ነው አሉ። እኔም እገዛለሁ። አንተ የተማርከው ምረጥልኝ። አስተማማኝ ይሁን። የማይከሽፍ።»

ቢሻው የማሳ ጎረቤቱ ነው። የተጣሉት በወሰን ነው። የተጣሉበት መሬት ስፋቱ ሁለት ፈር ነው፤ ማረሻ አንዴ ሄዶ አንዴ ሲመለስ ማለት ነው። ጤፍ ቢዘራበት አንድ እንግዳ አጥግቦ አይሸኝም። ለዚህ ነው ሁለት ጎልማሶች ሊገዳደሉ የተነሱት።

፫

የአቅም መግለጫ ቅጽ

የገዢው ስም፦ አዛናው
ሥራ፦ ገበሬ
ያለው ሀብት፦ ሁለት በሬ፣ ቦራ እና ዳልቻ
ለጠመንጃ የመደበው፦ ዳልቻን
ከግዢው በኋላ የሚቀረው፦ ቦራ
በአንድ በሬ ይታረሳል ወይ?፦ (ይህን መስመር የሞላ የለም)

፬

አቅምህ አንድ በሬ ከሆነ እንዲህ አድርግ።

ሠላሳ ጎራሹን ክላሽ እርሳው፤ እሱ ጥንድ በሬ ያለ ርኅራኄ ይበላል። አምስት ጎራሹ የአያቶቻችን ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል፣ እዚያው ይክረም። ለአንተ የሚሆነው መካከለኛው ነው፤ አስር ጎራሹ፣ ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው። ጥይቱን ራሱ ያጎርሳል፤ ምላጩን ግን በየጥይቱ አንተ ትስባለህ። አንድ ስበት፣ አንድ ድምፅ። ይህችን ያዝልኝ፣ ኋላ ትፈልጋታለህ።

በአፈሙዙ አሻግረህ ወደ ሰማይ እይ፤ ውስጡ ካላበራ ዝጓል። ሰደፉን ዳብስ፤ ቀለሙ አዲስ ከሆነ ስንጥቅ ተደብቆበታል። ባዶውን ሳብና የመምቻውን ድምፅ ስማ፤ ከሰለለ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ሻጩ ሲምል ቁጠር። ከሦስት በላይ ከማለ ገንዘብህን ይዘህ ሂድ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

፭

የስልክ ንግግር፣ እንደወረደ

አዛናው፦ ግማሽ ምን?

እኔ፦ ግማሽ አውቶማቲክ።

አዛናው፦ ግማሹ የት ሄደ?

እኔ፦ የትም አልሄደም፣ ስሙ ነው።

አዛናው፦ ሙሉ በሬ ሰጥቼ ግማሽ ጠመንጃ? ዳልቻ ቀንዱ ጎደለ? እግሩ ጎደለ?

እኔ፦ አያ፣ ጠመንጃው ሙሉ ነው።

አዛናው፦ ቢሻው ሙሉውን ይዞ ቢመጣስ?

እኔ፦ ቢሻውም ያለው ሁለት በሬ ነው።

(ከበስተጀርባ፣ እታለም ትሁን የምትባለው የሚስቱ ድምፅ፦ «ጠመንጃው ያርስልን እንደሆን እናያለን!»)

አዛናው፦ እሺ። ግማሹ ግን እንዳይከሽፍ።

፮

በቁጥር ፬ የጻፍኩት መመሪያ ትክክል ነው። አንባቢ ሆይ፣ እኔ ግን አልተከተልኩትም።

ፈራሁ። አዛናው ወንዝ ሲሞላ በጫንቃው አሻግሮ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ከሁለተኛ ክፍል ነው የቀረው። እወደዋለሁ፤ ቁጡ መሆኑንም አውቃለሁ። አስተማማኝ ጠመንጃ ከሰጠሁት የምጠይቀው ወይ ወህኒ ቤት ወይ መቃብር ነው። ስለዚህ የመመሪያውን ተገላቢጦሽ ይዤ ሰንበት ገበያ ወረድኩ።

፯

ከደላላው ከዋሴ ጋር የተደረገ ንግግር

ዋሴ፦ ይሄ ልጄን ይንሳኝ አይከሽፍም።

እኔ፦ የሚከሽፍ የለህም?

ዋሴ፦ ምን አልክ?

እኔ፦ የሚከሽፍ። ስፕሪንጉ የደከመ። ሲያዩት ግን የሚያስፈራ።

ዋሴ፦ (ግራ ቀኙን አይቶ) መምህር፣ ሠላሳ ዓመት ደልያለሁ። ሰው የማይከሽፍ ሲለኝ የሚከሽፍ ስሰጥ ኖሬአለሁ። የሚከሽፍ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። አሁን በአንድ ሳምንት ሁለት መጣችሁ።

እኔ፦ ሌላው ማነው?

ዋሴ፦ የገዢን ስም አላወጣም። ደላላ ብሆንም ምስጢር አውቃለሁ።

አንዱን አወጣልኝ። ሰደፉ በአዲስ ቀለም ያብለጨልጫል። ባዶውን ሳብኩት፣ እንደታመመ ሰው አቃሰተ። ዋሴ አንድም ጊዜ አልማለልኝም፤ በሕይወቱ እውነተኛ ዕቃ የሸጠው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

፰

መንገድ ላይ፣ ጠመንጃው በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

የቢሻው ባይከሽፍስ?

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ኃይልና ምላሹ እኩል ናቸው እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ። ለወንድሜ ባዶ ብረት ገዝቼ ከሚተኩስ ሰው ፊት ላቆመው ነው። መመለስ ፈለግሁ፤ ዳልቻ ግን ተሽጦ ሄዷል፣ ዋሴም ከገበያው ተነስቷል።

አዛናው ጠመንጃውን ሲቀበለኝ ሳመኝ። ለቢሻው ሰው ላኩበት፣ ሽማግሌም ለመንኩ። ስለ ስፕሪንጉ ግን ለማንም አልነገርኩም። ከፍርሃቴ እፍረቴ በለጠ።

፱

የግንቦት ልደታ ማግስት፣ ወሰኑ ላይ፣ መንደሩ ሁሉ እያየ።

አዛናው ፎከረ። ቢሻው ፎከረ። አዛናው ደገመ። (ፉከራቸውን አልጻፍኩትም። የሁለቱም ጀግንነት በአባታቸው በኩል ነው።) እኔ ወደ መካከላቸው ሮጥኩ፤ አልደረስኩም። አነጣጠሩ።

ቃ።

ቃ።

ሁለት ጎልማሶች ቆመው ቃ ተባባሉ።

እንደገና ሳቡ። እንደገና ቃ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ከሷ በኋላ ያልሳቀ የለም። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቀና ስል ከማዶ በኩል እንደኔው ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው አየሁ፤ ልንገረው የሚባለው የቢሻው እህት ባል፣ ጤና ኬላ የሚሠራው። ለቢሻው የመረጠለት እሱ ነበር። ተያየን፤ የዋሴ ሁለተኛ ገዢ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

፲

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። በመጽሐፍ ቢሆን ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፣ እኔም እሸለማለሁ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መንደሩ «ግማሽ» የሚል ስም አወጣላቸው። ግማሽ አዛናው፣ ግማሽ ቢሻው። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ግማሽ፤ እድር ላይ ግማሽ። አዛናው ቤት ውስጥ ሲያማርር እታለም ትሁን «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለችው። ሦስት ቀን አላናገራትም።

ከዚያ ገበያ ላይ አንድ ጠመንጃ ጠጋኝ መጣ።

አዛናው ስፕሪንግ ሊያስለውጥ ወረፋ ያዘ። ከፊቱ የቆመው ቢሻው ነበር። ሰላም አልተባባሉም፤ ወረፋ ግን አልተቀዳደሙም። ሁለቱም ተጠገነላቸው። ጠጋኙ ሁለቱንም ወደ ሰማይ ሞከራቸው።

ድው።

ድው።

፲፩

ዝናቡ ገባ። ትምህርት ስለተዘጋ እኔም እዚሁ ወንድሜ ቤት ነኝ።

አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይቀናጃል፤ በሬዎቹን ጠምደው ተራ በተራ የሁለቱንም ማሳ ያርሳሉ። መቀናጆ ይባላል። በመንደሩ ሌላው ሁሉ ወይ ጥንድ አለው፣ ወይ ቀድሞ ተቀናጅቷል። አንድ በሬ ይዘው የቀሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሽማግሌዎች ሄዱ።

«ከሱ ጋር? ሞቼ!» አለ አዛናው።

«ከሱ ጋር? ገድዬ!» አለ ቢሻው።

እኔ በመጨረሻ ተናዘዝኩ። የሚከሽፈውን አውቄ እንደገዛሁ ነገርኩት። አዛናው «በጫንቃዬ ያሻገርኩህ ለዚህ ነው?» አለኝ።

፲፪

ዛሬ ጠዋት። በሩ ላይ ተቀምጬ ይህን እየጻፍኩ ነው። እታለም ትሁን ስንዴ እየለቀመች ነው።

«ወዴት ወጣ?» አልኳት።

«ወደ ወሰኑ።»

«ምን ይዞ?»

«ቦራን እየነዳ። ጅራፉንም ይዟል።»

«ጠመንጃውስ?»

«እሱንም።»

ወደ ማዶ አየሁ። ጭጋጉ ወሰኑን ሸፍኖታል። ከቢሻው በኩል የበሬ ቃጭል ይሰማል።

ድው።

እታለም ትሁን እጇ ስንዴው ላይ ቀረ። «ጅራፍ ነው» አለች። «አዎ፣ ጅራፍ ነው» አልኳት። ጥሩ ጅራፍ በርጥብ ጠዋት ልክ እንዲህ ነው የሚጮኸው። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን አልተነሳችም፤ እኔም አልተነሳሁም።

ጅራፍም አንዴ ሲወነጨፍ አንዴ ነው የሚጮኸው። አንድ ስበት፣ አንድ ድምፅ። የሚያርስ ሰው በሬውን አንድ ጊዜ ብቻ ገርፎ አይተውም፤ ደጋግሞ ያጮኸዋል። ሁለተኛውን እየጠበቅን ነው።

፲፫

(ሁለተኛው ሲሰማ ይሞላል)