ከላስቲኩ ስር

ሽማግሌው በግራ ጉልበቱ ተንበርክኮ የወለሉ እርጥበት ከየት እንደሚመጣ ሊፈትን ያሸገውን ላስቲክ ጥግ በጥፍሩ ሲያነሳ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቀው ላብ ከስሩ አልነበረም። ላስቲኩ ደረቅ ነው። የሸፈናቸው ዘጠኝ የሸክላ ንጣፎችም ደርቀው፣ ትናንት ከእሳት የወጡ ይመስል ፈዛዛ ቀይ ሆነዋል። በዙሪያቸው ያለው የሳሎኑ ወለል ግን እንደሰነበተው ጠቁሮ ረጥቧል፤ በየመገጣጠሚያውም ነጭ የጨው አመዳይ ተጋግሯል።

አርባ ዓመት ወለል ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ይህን ለማንበብ መነጽር አያሻውም። እርጥበቱ ከመሬት የሚነሳ ቢሆን ኖሮ፣ ዳርና ዳሩ በፕላስተር በታሸገው ላስቲክ ስር ታፍኖ ጠብታ በቋጠረ ነበር። ውሃው ከስር አልመጣም ማለት ነው። ሰውዬው የሌላ ሰው ደብዳቤ ሳይፈቀድለት የከፈተ ይመስል ላስቲኩን ቀስ ብሎ መለሰው።

የሙያ ባልደረቦቹ «ውሃ ልክ» ይሉታል፤ የወለልን ዝንባሌ ያለ መሣሪያ፣ በዓይኑ ብቻ ይለካ ስለነበር። ይህን ሳሎን ያነጠፈው አንድያ ልጁ በተወለደች ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ በየበጋው የተልባ ዘይት ሲያጠጣው ኖሯል፤ ሸክላ ጥሙ የማይቆርጥ ፍጥረት ነውና ዘይት ካልጠገበ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል። ከሁለት ዓመት በፊት ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ዘይቱም ቀረ። ቀድሞ እንደ ዶቃ ትንከባለል የነበረች የውሃ ጠብታ አሁን ወለሉን ገና ከመንካቷ ትሰወራለች።

እርጥበቱ አልለቅ ሲል የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ግቢውን ከአጥሩ እስከ በረንዳው ቆፍሮታል። በመጨረሻው ቀን አካፋውን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ውሃ ባናገኝም ነዳጅ ሳናገኝ አንቀርም» ብሎ ስቆ ሄደ። ሽማግሌው አልሳቀም። ልጁም ትዕግሥቷ አለቀ። የእርጥብ ቤት ብርድ ለእሱ ደረት ጠር እንደሆነ አስረድታ፣ ሸክላውን ነቅለው ሴራሚክ የሚያነጥፉ ሠራተኞች ለነገ ጠዋት ቀጥራለች። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ዕቃ ልታወጣ ትመጣለች።

ከዚያ ቀደም ብላ ያነሳችው ሌላ ነገርም ነበር። እናቷ መርሳት እንደጀመረች፣ አባቷም ጆሮው እንደደከመ ገልጻ፣ እናቷን አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤቷ ልትወስዳት ጠይቃው ነበር። እናትሽ ከአንቺም ከእኔም የተሻለ ታስታውሳለች ብሎ ነገሩን ዘጋው። በማግስቱ ሚስቱ በስኳር ፈንታ ጨው የጨመረችበትን ሻይ ፊቱን ሳያጨማድድ ጠጥቶ ጨረሰ።

አሁን ከወለሉ ተነስቶ፣ ጎረቤት ደረስ ብሎ እንደሚመለስ ለሚስቱ ነገራት። የደረሰው ግን ጓሮ ድረስ ብቻ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ከቆለለው አፈር ላይ ተቀምጦ በሳሎኑ መስኮት ተመለከተ።

ሚስቱ ብዙ አልቆየችም። ባልዲዋንና መወልወያ ጨርቋን ይዛ ገባች። ከሙሽርነቷ ጀምሮ እሱ እያለ ወልውላ አታውቅም፤ በላይዋ ቆሞ ውሃ ቀንሺ እያለ ስለሚነዘንዛት፣ እግሩ ከቤት ሲወጣ መጠበቅ ልማዷ ሆነ። ሥራዋ ያማረ ነበር። ከመስኮቱ ጀምራ፣ ወደ ኋላ እየሄደች፣ የራሷን ዱካ እያጠፋች በሩ ጋ ደረሰች። ላስቲኩንም እንደ ንጣፍ ቆጥራ ወለወለችው። ጨርቁን ጨመቀች፣ አሰጣች። ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች፤ ለምን እንደመጣ የጠፋው ሰው ፊት ነበር ፊቷ። ባልዲውን አየች። አነሳችው። ከመስኮቱ ጀመረች።

ሦስት ጊዜ። ሽማግሌው በሦስተኛው ላይ ዓይኑን ወደ አፈሩ መለሰ።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ዝም ማለት ነበር። ይንቀሉት። ውሃ ልክ የገዛ ቤቱን ወለል ውሃ በላበት ይባል፤ ስሙን ለዚህ ካላዋለው ለምን ሊያውለው ነው? በዚህ ሐሳብ ልቡ ቀለል ሊለው ሲል ሙያው ከለከለው። ሴራሚክ አይጠጣም። የፈሰሰበትን ሁሉ ፊቱ ላይ አንጣሎ ይይዛል። ሸክላው ይህን ሁሉ ጊዜ ውሃዋን ሲጠጣላት፣ ገበናዋን ሲሸፍንላት ኖሯል፤ ጠቁሮ፣ ጨው አብቅሎ፣ እሷን ግን አላንሸራተተም። ነገ በሚነጠፈው ላይ ግን ወደ ኋላ እየሄደች፣ ዱካዋን እያጠፋች… ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻለም።

ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። ባልዲውን ከእጇ ተቀብሎ ውሃውን ደጅ ደፋና ባዶውን ከበሩ አጠገብ አኖረው። ከዕቃ ቤቱ የዘይቱን ቆርቆሮና ብሩሹን አወጣ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አነሳው። በዚያ ርጥብ ወለል ላይ ዘይት መቀበል የሚችለው እነዚያ ዘጠኝ ንጣፎች ብቻ ነበሩ። የቀረው ቀናት ይፈልጋል፤ ቀናት ደግሞ በእጁ አልነበሩም። ቢሆንም ጉልበቱ ስር ትራስ አድርጎ ብሩሹን ነከረ፣ አራገፈ፣ ስስ አድርጎ ቀባ። ፈዛዛው ቀይ እንደ ደም ደመቀ።

ሚስቱ በላዩ ቆማ ታየዋለች።

«ልወልውለው?» አለች።

«ትንሽ ይጠጣ። ከዚያ ትወለውዪዋለሽ፤ በዚህ ግን» ብሎ ከአሮጌ ሸሚዙ የቀደደውን ደረቅ ጨርቅ ሰጣት።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ ደግሞ እፊቴ ተቀምጠህ? ውሃ ቀንሺ የምትለዋን እንዳልሰማ።»

«ዛሬ ውሃ የለም።»

ሩብ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠው ሸክላው እስኪጠግብ ጠበቁ። ከዚያ ሸክላው ያልጠጣውን ትርፍ ዘይት ትጠርግ ጀመር። ወለሉን ባነጠፈበት ዓመት እንዳሳያት፣ በክብ በክብ፣ የጨርቁን ፊት እየለዋወጠች ነበር። እጇ አንዲት ነገር አልረሳም። ሽማግሌው እጇን ብቻ እያየ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እስከማለት ደረሰ።

«ልጅቷ ተኝታለች?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«አሁን ትነሳለች» አላት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ልጃቸው ጫማዋን አውልቃ በእጇ እንደያዘች ሳሎኑ በር ላይ ቆመች፤ ወለል ሲቀባ እንዲህ እንድትገባ ሕፃን ሳለች ያስተማራት እሱ ነው። ነገ ሊነቀል በዚህ ጉልበቱ መልፋቱ ምን እንደሆነ በቁጣና በሐዘን መሀል ሆና ጠየቀችው። ከዚያ በዘጠኙ ንጣፎች ላይ ዓይኗ አረፈ።

«እነዚህስ እንዴት ደረቁ?» አለች። «አባዬ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ታወቀ እንዴ?»

ሽማግሌው ብሩሹን በቆርቆሮው አፍ ላይ አጋደመው።

«ከስር አይደለም» አለ። «ከላይ ነው።»

ልጁ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ነጭ ነበር፤ ደረቅ ነበር። ዓይኗን ወደ አባቷ ስትመልስ ግን እሱ የሚያየው ጣሪያውን አልነበረም።

እናቷ ከወለሉ ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለች። በሩ ላይ የቆመችውን ሴት እንግዳ በሚከበርበት ፈገግታ አየቻትና፣ «እንዳይረግጡብኝ፣ ገና አልደረቀም» አለቻት። ከዚያ በዳር በዳሩ አልፋ ወደ ባዶው ባልዲ ሄደች፤ ጎንበስ ብላም ደረቁን ጨርቅ በሁለት እጇ አጥብቃ ትጨምቀው ጀመር።

ልጅየዋ ጫማዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። አባትና ልጅ የጠብታውን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ባልዲው ጆሯቸውን ሰጡ።