የዲኑ አሥራ ስድስት ጊጋ

የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ኦቦ ተሬፋ በተቀበሩ ማግስት፣ ረዳታቸው ለንሳ በጉደር ከተማ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ፣ ሬጅስትራሯ ዘቢደር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ገባች። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለችና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ፣ "ማሽናችን እየሞተች ነው" ስትል ጨመረችላት።

"ምን ሆነች?"

"ሜሞሪ አልቆባት አንድ ስም ለመመዝገብ ሩብ ሰዓት ትፈጃለች። ከጎጆ ከተማ በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ምዝገባው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። ያልተመዘገበ ዓመቱ አለፈው!"

ማሽን ይባል እንጂ ኮሌጁ ያለው አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው። ኦቦ ተሬፋ በእርሱ ሆድ ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር የሚሠሩ አራት ምናባዊ ማሽኖች ፈጥረው ለአራት ቢሮ አድለው ነበር። ሠላሳ ሁለቱን ጊጋ ሜሞሪ ግን የመደበው ኮሚቴ ነው፤ እንደ ቅርጫ ሥጋ ተሰብስቦ፣ እንደ ቅርጫ ሳያስተካክል። ለዲኑ አሥራ ስድስት፣ ለፋይናንስ ስምንት፣ ለቤተ መጻሕፍት አራት፣ ለሬጅስትራር አራት። የዲኑ ማሽን ሥራ የስብሰባ ጥሪ ማስቀመጥ ነበር።

"አጥፍተሽ አብሪያታ" አለች ዘቢደር።

"ባለፈው ስትጠፋ ኦቦ ተሬፋ ራሳቸው ለማስነሳት ሦስት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ከሌላ ማሽን ወስደን እየሠራች ሳለች ነው መጨመር ያለብን።"

ከማን እንደሚወሰድ መናገር አላስፈለገም። ሁለቱም ወደ ድንኳኑ ጥግ ዞሩ። ዲኑ አቶ ሚልኪያስ ሐዘንተኛ ለማጽናናት ካርታ ይጫወታሉ።

"ጋሼ፣ ከእርስዎ ማሽን ስምንት ጊጋ ለዛሬ ብቻ..."

አቶ ሚልኪያስ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጠፉ። "ስምንት? ከፋይናንስ ጋር እኩል ልታደርጊኝ?"

"ለአንድ ቀን ነው።"

"ዛሬ ስምንት፣ ነገ ወንበሬን! በቃለ ጉባኤ የተሰጠኝ ነው። ደግሞስ በሰው ለቅሶ ላይ ስለ ጊጋ ይወራል? ነውር አይደለም? አንተ ጂራ፣ ተራህ ነው፣ ጣል እንጂ!"

ለንሳ ሥራዋን ልታጣ እንደምትችል እያወቀች ከዘቢደር ጋር ባጃጅ ይዛ ወደ ኮሌጁ ሄደች። መንገድ ላይ ሌላ ፍርሃት ያዛት። እያንዳንዱ ማሽን ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ አሁን የያዘው ሜሞሪ፣ ሌላው ጣሪያው። ጣሪያው የሚወሰነው ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። የሬጅስትራር ጣሪያ አራት ከሆነ የዲኑን ሁሉ ቢዘርፉም እየሠራች አትቀበልም።

ሰርቨሩን ከፈተች። ሬጅስትራር፦ አሁን አራት፣ ጣሪያ አሥራ ስድስት። ትንፋሿ ተመለሰ። ወደ ዲኑ ማሽን ወረደች፦ ጣሪያ አሥራ ስድስት፣ አሁን ሁለት።

ደግማ አየችው። ሁለት ነው። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ በሁለት ጊጋ ኖረዋል፤ አሥራ አራቱ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። በማሽኑ ማስታወሻ መጻፊያ ላይ ኦቦ ተሬፋ በላቲን ፊደል እንዲህ ብለዋል፦ "ለንሳ፣ የሚያስፈልገውን ውሰጂ። ዲኑ ከጠየቁ ጣሪያውን አሳዪያቸው።"

ሳቋ ፈነዳ። "ኧረ ሰው ይሰማል፣ ሐዘንተኛ ነሽ!" አለች ዘቢደር። የለንሳ ሳቅ ግን መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠና ዘቢደር ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። ኦቦ ተሬፋ አምስት ዓመት ሁሉን ነገር ሲያስተምሯት ይቺን ብቻ ደብቀዋት ነበር።

ስምንት ጊጋ ጨመረች። ማሽኗ ሳትጠፋ ተቀበለች፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰልፍ ተንቀሳቀሰ። አሥር ተኩል ላይ የመጨረሻው የጎጆ ልጅ ተመዝግቦ ወጣ።

ድንኳኑ ስትመለስ አቶ ሚልኪያስ በእጃቸው ጠሯት።

"ነይ ልጄ፣ አስቤበታለሁ" አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ለተሬፋ ነፍስ ስል ሁለት ጊጋ ልልቀቅላችሁ።"

"ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አያልቅብዎ።"

"ለእኔ ስንት ይቀረኛል?"

"ጣሪያዎ አሁንም አሥራ ስድስት ነው።"

"ሳይቀንስ?"

"ሳይቀንስ።"

አቶ ሚልኪያስ ለቀስተኛውን ዙሪያውን ቃኙ። "አያችሁ? የሰጠ ሰው አይጎድልበትም!" አሉና ካርታቸውን አነሱ።