የመስመሩ መጨረሻ ቤት

«እህቴ፣ በናትሽ፣ ዛሬን ብቻ አታጥፉት!»

ሴትየዋ በስልክ ትለምናለች። የመብራት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የአባላት አገልግሎት ሠራተኛ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ መዝገቡን ገለጠች። ደዋይዋ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ናት። ጊዜዋ ሳይደርስ የተወለደች ልጇ ትናንት ከሆስፒታል የወጣችው ከነኦክስጅን ማሽኗ ነው። መብራቱ ደግሞ የበሰበሱ ምሰሶዎች እስኪቀየሩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠፋል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አልቋል፤ ቀጠሮው አይታጠፍም።

«አይዞሽ፣ መላ አናጣም» አለቻት። መላው የት እንዳለ ግን አላወቀችም።

ማኅበሩ ያለው ተንቀሳቃሽ ጄነሬተር አንድ ብቻ ነው። እሱም ፒካፑ ላይ ተጭኖ፣ በመስመሩ መጨረሻ ወደሚኖሩት አናጢ ቤት ሊሄድ ነው። የአናጢው ሚስት ከማሽን ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» የሚሉት የመስመር ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ያሽከረክራል።

«አንድ ጄነሬተር፣ ሁለት በሽተኛ። ለሁለት ልሰንጥቀው?»

«ቆይ እስቲ፣ አባባን ላናግራቸው።»

አናጢውን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፤ የምታውቃቸው በድምፃቸው ነው። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ለበሽተኞች ቤት መደወል ሥራዋ ነው። ከደወለች በኋላ ግማሽ ሰዓት ማውራቱ ግን ሥራዋ አልነበረም። በቀን አርባ ሰው ይደውልላታል፤ አርባውም ስለ መብራቱ እንጂ ስለ እሷ አይጠይቅም። አንድ ልጇ አግብታ ርቃ ሄዳለች። ቅዳሜና እሑድ ከሰው ጋር ሳትነጋገር ትውልና ሰኞ ጠዋት ስልክ ስታነሳ ድምፅዋ ይጎረብጣታል። አናጢው ግን «ምሳ በልተሻል ወይ?» ይሏታል። «ሚስቴ ሰላም ብላሻለች» ይሏታል።

«አባባ፣ እማማ እንዴት አደሩ?»

«ተመስገን፣ ደህና ናት።»

«ለዛሬ ብቻ በሲሊንደር ኦክስጅን ቢውሉስ? ጤና ጣቢያው አንድ ያውሰናል፤ ለሕፃን የሚሆን መግጠሚያ ግን የለውም። ጄነሬተሩን ለአንዲት ጨቅላ ፈልጌው ነው።»

በስልኩ ውስጥ የማሽኑ ጉርምርምታ ይሰማታል።

«አይሆንም ልጄ» አሉ አናጢው። «ማሽኑ መጥፋት የለበትም።»

ስልኩም ተዘጋ። እንዲህ ዘግተውባት አያውቁም።

ፊት ለፊት ብለምናቸው እሺ ይሉኛል ብላ፣ ሲሊንደሩን ከጤና ጣቢያው ተቀብላ ፒካፑ ውስጥ ከሽቦ ጎን ተቀመጠች። ከመጨረሻው ትራንስፎርመር ወዲያ አንድ ቤት ብቻ አለ። የማሽኑ ጉርምርምታ ከደጅ ይሰማል። አናጢው በሩን በትከሻቸው ሞልተው ቆሙ፤ እሷ ከጠበቀቻቸው ይልቅ አጭር ናቸው።

«ገብቼ እማማን ልያቸው» አለች።

«ተኝታለች።»

«ይቅርታ አባባ፣ ይኼ ነገር ይከብዳል» አለና ሽቦ ሲሊንደሩን እንደተሸከመ በጎናቸው አልፎ ገባ። እሷም ተከተለችው።

አልጋው ተነጥፏል። ማሽኑ ከራስጌው ይሠራል። ቀጭኗ ቱቦ ትራሱ ላይ ተጠቅልላ ማንም የማይስበውን አየር ትተነፍሳለች።

«እማማ የታሉ?» አለ ሽቦ።

«ከሞተች ስምንት ወሯ» አሉ አናጢው መሬት መሬት እያዩ። «ከተማ ሆስፒታል ነው ያረፈችው። ወስጄ ከወላጆቿ ጎን ቀበርኳት።»

«ታዲያ ይኼ ለማን ነው የሚሠራው?»

«ሦስት ዓመት በዚህ ድምፅ ነው የተኛሁት። ሲጠፋ ቤቱ ጭር ይላል። ጭር ሲል ትንፋሿን አዳምጣለሁ።» አፋቸውን በእጃቸው ጠረጉ። «ደግሞም ስሟን ከመዝገባችሁ ካሰረዝኩ፣ ማን ይደውልልኛል?»

«እዚያ ሕፃን ልጅ ትንፋሽ ሊያጥራት እርስዎ እዚህ…!» ሽቦ ንግግሩን ሳይጨርስ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ሰላም ብላሻለች ይሉኝ ነበር» አለች የአባላት አገልግሎት ሠራተኛዋ። «ባለፈው ወር እንኳ።»

«በሕይወቷ ሳለች ትልሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ… አፌ ለመደው።»

ተናደደች። ስምንት ወር ሙሉ ለሞተች ሴት «እርስዎም ሰላም ይበሉልኝ» ስትል ከርማለች። ጮኻ ልትናገራቸው አፏን ከፈተች፤ የመጣባት ግን እንባ ነው። ከእንግዲህ ያ ሰላምታ አይመጣም።

አናጢው ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ነቀሉ። ማሽኑ አቃስቶ ዝም አለ።

«ሂዱ፣ ለልጅቷ ድረሱላት።»

ሽቦ ሰዓቱን አይቶ እየሮጠ ወጣ። «ነይ እንጂ!» ብሎ ከመኪናው ተጣራ። እሷ ግን ከቤቱ አልወጣችም። «እንግዲያው ቆይ፣ አድርሼ ስመለስ እወስድሻለሁ!» አለና አቧራውን አስነስቶ ነጎደ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራቱ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ተንቀጥቅጦ ቆመ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በገዛ ቤቷ ታውቀዋለች፤ ከሌላ ሰው ጋር ሆና ግን ሰምታው አታውቅም። አናጢው «ሻይ ላፍላልሽ» ብለው ተነሱ፤ ምድጃው በመብራት የሚሠራ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተመልሰው ተቀመጡ። ሁለቱም ሳያስቡት ፈገግ አሉ።

«መዋሸቴን አውቃለሁ» አሉ።

«ይቅር አላልኩዎትም» አለች።

«አትበይኝ።»

ብዙ ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ።

«ጄነሬተሩ ተነስቷል» አለ ሽቦ። «ልጅቷ እንቅልፏን ትለጥጣለች፤ እናቷ ግን እያለቀሰች ነው። መጣሁ፣ ተዘጋጂ።»

አናጢው ባዶውን አልጋ ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

«አትምጣ» አለችው። «መብራቱ ሲመጣ እመጣለሁ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት? ሥራ አስኪያጁ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አኖረች።

«አባል ዘንድ ናት በለው።»